ያልተጨረሰ መልስ

አቶ ሕዝቅኤል ዱራሜ በሚገኘው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው። መጀመሪያ ያገኘቻቸው ተመላላሽ ሠራተኛቸው ሱምያ ናት፤ ማንደጃውን ያወጣው ጎረቤታቸው ባለሱቁ ፈትሁዲን።

ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ዶክተር ይሆናል። «ያ የሚያንቀጠቅጣቸው በሽታ፣ ፓርኪንሰን፣ አእምሯቸውን ወስዶት ነበር፤ ራሳቸው አስገብተው ረሱት» ተባለ። እሳቸው ካልሆኑ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ሱምያ ላይ ነው።

መርማሪዋ ሳጅን ታንጉት ተንበርክካ ወለሉን ከደጃፉ እስከ አልጋው አየችው። ንጹሕ ነው።

«ማንደጃው ሞልቶ ነበር?»

«እስከ አፉ!» አለ ፈትሁዲን። «አመዱ እንዳይፈስ ትንፋሼን ውጬ ነው ያወጣሁት።»

«ጋሽ ሕዝቅኤል ሻይ እንዴት ነበር የሚጠጡት?»

«በግማሽ ብርጭቆ ነዋ» አለች ሱምያ እንባዋን እየጠረገች። «ከሞላሁት ሸሚዛቸው ነው የሚጠጣው።»

ታንጉት ሐኪማቸው ጋ ደወለች።

«አእምሯቸው ሄዷል አላልኩም» አለ። «መለስተኛ የማሰብ ችግር ይኖር እንደሆነ እየመረመርኩ ነበር። ለዚህ አብሮ የሚኖር ሰውም ይጠየቃል፤ እሳቸው ግን አብሯቸው የሚኖር የለም። ልጃቸው ሮማን ለፋሲካ ከሆሳዕና ከተማ መጣችና የጠየቅኳቸውን ሁሉ ቀድማ መለሰችላቸው። ስጠብቃቸው መልሳቸው ይዘገያል እንጂ ትክክል ነበር። ለብቻቸው እንዲመጡ ቀጠርኳቸው።»

ለቅሶው ላይ ሮማን ከፋሲካ ወዲህ ዱራሜን እንዳልረገጠች ትምላለች። «ራስጌው ጋ ከሰል አስቀምጦ የሚተኛ ጤነኛ አለ?»

ታንጉት ሱምያን፣ ፈትሁዲንንና ሮማንን ጓዳ ሰበሰበቻቸው።

«ወለሉ ላይ አንዲት የአመድ ቅንጣት የለችም። ማንደጃውን ያስገባው የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለች ሱምያ።

«ቆዪ። ማንደጃው የት እንደነበር ለሰው ተናግራችኋል?»

«ለእርስዎ ብቻ» አሉ ሱምያና ፈትሁዲን።

«ታዲያ ሮማን፣ ራስጌው ጋ እንደነበር አንቺ በምን አወቅሽ?»

ለሁሉም ቀድማ የምትመልሰው ሮማን ይህን ጊዜ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ታንጉት ጠበቀቻት።

«በርዶት ነበር» አለች በመጨረሻ። «‹እደሪ› አለኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሆነ። ከሰሉን አስገባሁለት፤ መስኮቱን ዘጋሁ።»

«ሌላ ምንም አላሉሽም?»

«አፉን ከፍቶ ነበር። የሆነ ነገር ሊለኝ...» በሩን አየች። «‹ገባኝ፣ ገባኝ አባዬ› ብዬው ወጣሁ።»