ስፖንጅ የለመዱ ዶሮዎች

«አልወስድም!»

ትሁት እንቁላል የሞላውን ሳህን በሣር የተከደነው ረኩባ ጥላ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። እናቷ አሰጋሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የትሁት ታላቅ እህት ፅናት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ማዶ ሰፈር፣ ከባሏ ወላጆች ዘንድ አራስ ናት። እንቁላሉ የተጠራቀመው ለእሷ ነው።

«ምን አልሽ አንቺ? ፀሐዩ ሳይበረታ ያላ ተነሺ!»

«እማየ፣ ዶሮዎቹ ስፖንጅ ይበላሉ። ይኸን እንቁላል ፅናት አትበላም።»

አባቷ ስንሻው የሎሪ ወንበር ከሚያድስበት ጥግ ሆኖ ሳቀ። አሮጌውን ስፖንጅ እየቦጨቀ ለዶሮዎቹ ማደሪያ ያነጠፈው እሱ ነው። ገለባው የዶሮ ቅማል ቢያፈላበት ጊዜ ያመጣው ብልሃት ነበር፤ መንደርተኛውም «ስንሻው ጭንቅላት አለው!» እያለ ለምኖት አንጥፏል። ምን ዋጋ አለው፣ ዶሮ መቼም ያገኘችውን ሳትለቅም አትውልም።

«መምህራችን ኡስታዝ ያሕያ ትናንት ክፍል ውስጥ አስተምሮናል» አለች ትሁት። «የመኪና ወንበር እሳት ቶሎ እንዳይዘው ስፖንጁ ውስጥ ኬሚካል ይጨምሩበታል። ሲያረጅ ከብናኙ ጋር ይወጣል፤ አፈር ውስጥ ገብቶም ቶሎ አይጠፋም። ዶሮ ከዋጠችው ስቧና የእንቁላሏ አስኳል ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ በእናት ጡት ወደ ሕፃኑ!»

«ወግ አይቀርም! እኔ በባዶ እጄ ስቦጫጭቀው ስንት ዘመኔ፤ ሞትኩ?»

ትሁት ይኸን አላሰበችውም ነበር። በቢጫ ብናኝ የተሸፈነውን የአባቷን ክንድ አየች።

«ዛሬውኑ የሚገድል ቢሆንማ ሁሉም ይፈራው ነበር። ይኼ ቀስ ብሎ ነው። አንተም ከእንግዲህ አፍና አፍንጫህን ሳትሸፍን አትሠራም!»

«ኻላስ፣ በቃ! ጭራሽ ልታዢኝ? ስሟን ትሁት ያልኩት እኔ ጅሉ!»

ትሁት የዶሮዎቹን ማደሪያ ከፍታ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ አወጣችና እናቷ እግር ሥር ጣለችው። ዳር ዳሩ ተበልቶ ተቦርቡሯል። ገብስማዋ ዶሮ እየሮጠች መጣች፤ ቆንጠር አድርጋ ዋጠች፤ ደገመች።

አሰጋሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በስመ አብ! ይኸን ነው ልጄ የምትበላው?»

«ተይ እባክሽ» አለ ስንሻው፤ ድምፁ ግን ላላ ብሏል። «ልጃችን ወልዳ ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው? አማቶቿ ሰሰቱ ቢሉንስ? ደግሞ እነሱም እኮ ስፖንጁን ከኔው ወስደው አንጥፈዋል።»

ትሁት ክው አለች። «ለእነሱም ሰጥተሃል?»

«ለምነውኝ ነዋ!»

እንግዲያው እንቁላሉን ማስቀረት ብቻውን ምን ይረባል? ሻሿን አንስታ ራሷ ላይ ጣል አደረገች። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«በሰው ፊት ልታዋርጂኝ! ከዚህ በር ንቅንቅ ብትይ ውርድ ከራሴ!»

«እሄዳለሁ፣ አባየ። ስመለስ ትቆጣኛለህ።»

ከበሩ ወጣች። ዞር ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል፤ እናቷ ከኋላው ጎንበስ ብላ ስፖንጁን ከማደሪያው እየጎተተች ጆንያ ውስጥ ትከታለች።

ማዶ ሰፈር ስትደርስ በሩን የከፈቱላት የእህቷ አማት እትየ ሃና ናቸው። ከጓዳ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማል።

«ደህና አደርሽ ልጄ» አሉና ባዶ እጇን አዩ። «እንቁላሉስ?»

«አላመጣሁም፣ እትየ። የእናንተንም ዶሮ እንቁላል ፅናት እንዳትበላው። ልግባና ምክንያቱን ልንገርዎት።»

የእትየ ሃና ፊት ሲጠቁር እያየች ጫማዋን አወለቀችና ገባች።