ዋና ማነው?

«አንቺማ አያስፈልግሽም!» አሉ መምህር አዳሙ ከፊተኛው ታንኳ ላይ ሆነው ወደ ኋላ እየጮኹ። «ዋና ትችላለች ተብያለሁ!»

ሙናዬ መቅዘፊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የጠየቀቻቸው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ላይፍ ጃኬቷ የት እንዳለ ነበር። ዋና? እሷ? በሕይወቷ ጉልበቷን ያለፈ ውሃ ውስጥ የገባችው ክረምት ላይ የሩዝ ማሳ ሲጥለቀለቅ ነው፤ ያውም እያለቀሰች። አሁን ከሥሯ ያለው ደግሞ የሩዝ ማሳ ሳይሆን ጣና ነው።

«መምህር፣ እኔ እኮ…» ብላ ጀመረች። ከዚያ ዳሩን ዞር ብላ አየች። ዕቃቸውን ያመጣው ባጃጅ ገና አልሄደም። ጠዋት ከወረታ ሲነሡ ሕጉ ለሁሉም ተነግሯል፦ ዋና የማይችል ጃኬት ይለብሳል፤ ጃኬት ያልደረሰው በባጃጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ጉዞ እናቷ እንድትፈቅድላት ስንት ለምናለች! አፏን ዘጋችና ቀዘፈች።

ከኋላዋ የተቀመጠችው ወለላ ብርቱካናማ ጃኬቷን እስከ አገጯ ድረስ ቆልፋዋለች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ የሙናዬ የልብ ጓደኛ ናት፤ ዴስካቸውም አንድ ነው። በትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሙናዬ ዋና ሰብሳቢ ስትሆን ወለላ ምክትሏ ናት። ልጆቹ ሁለቱን «ዋና» እና «ምክትል» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። የሦስት ቀኑን ጉዞም ያሰቡት ሁለቱ ናቸው፤ ከርብ ወንዝ መግቢያ ተነሥተው የሐይቁን ዳር እየተከተሉ የእምቦጭ አረም የት የት እንደደረሰ ሊያዩ።

«ማነው ዋና ትችላለች ያላቸው?» አለች ሙናዬ።

ወለላ ወፎቹን ታያለች።

«ወለላ! አንችን እኮ ነው!»

«እኔ እንደዛ አላልኩም። ባጃጁ ሲጮህ ነበር፤ ‹ዋና የሚችል ማነው?› ሲሉ ‹ዋና ማነው?› ያሉ መሰለኝ። ‹ሙናዬ ናት› አልኩ። የክበቡን መስሎኝ ነዋ!»

ሙናዬ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ነገሩ በእርግጥ ያስቃል። ሳቁ ከንፈሯ ላይ ሳይደርስ ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት።

«ጃኬቱን ሲሰጡሽስ? ያን ጊዜም አልገባሽም?»

ወለላ የጃኬቷን ማሰሪያ ጨበጠች። «የመጨረሻው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ሙናዬ ዋና ስለምትችል ይሄ ላንቺ ይሁን› አሉኝ። ምን ልበል? ብናገር እኮ እኔ ልመለስ ነው።»

«እና እኔ ልስጠም?»

«ኧረ አታካብጂ ሙኒ! ዳር ዳሩን እኮ ነው የምንሄደው።»

«ፎገርሽኝ» አለች ሙናዬ። «አሳምረሽ ፎገርሽኝ!»

ደሟ ፈላ። መቅዘፊያውን ውሃው ላይ በጥፊ እንደመማታት ታሳርፈው ጀመር። እሷ ወደ ግራ፣ ወለላም ወደ ግራ፤ ታንኳዋ ባለችበት ዞረች። ልጆቹ ከየታንኳው አሽካኩ።

«እናንት ልጆች!» አሉ የታንኳዎቹ ባለቤት አያ ቢሻው። «ይኸ የደንገል ታንኳ ነው፤ የሁለት ኩርፊያ አይችልም! አንዳችሁ በቀኝ፣ አንዳችሁ በግራ በሉት እንጅ!»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ከበዳቸው፤ የሙናዬም ቀሚስ እስከ ወገቧ ራሰ። ሌሎቹ እየዘፈኑ ነው። ለዚህ ቀን ስትጓጓ ከርማ አሁን የአንዱንም ወፍ ስም መጠየቅ አላሰኛትም።

እኩለ ቀን አልፎ እምቦጩ መካከል ገብተው ተያዙ። ሙናዬ አጎንብሳ ሥሩን ስትጎትት ታንኳዋ ወደ እሷ አዘነበለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ። ከሥር የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ውሃ ብቻ። «ወለላ!» ብላ ጮኸች።

ወለላም ጮኸች። እጇን ግን አልዘረጋችም። በሁለት እጇ የያዘችው የራሷን ጃኬት ማሰሪያ ነበር።

አያ ቢሻው ደርሰው ታንኳዋን በአንድ እጃቸው ደግፈው አቀኗት። የሙናዬ ጥርስ ይንገጫገጫል።

«አይዞሽ ልጄ። ዋና የሚችል ሰው እንዲህ ይደነግጣል?»

«በርዶኝ ነው አያ ቢሻው» አለች።

ይህ ደግሞ የራሷ ውሸት ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረላት አይደለም። ከወለላ ይልቅ አሁን በራሷ ተናደደች። እናቷ ‹ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል› ስትል ሁልጊዜ ስለ ውሃ ብቻ የምታወራ ይመስላት ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአንድ መንደር ዳር ወረዱ። መምህር አዳሙ ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ነገ ከዳሩ ራቅ እንላለን» አሉ። «ስለዚህ አቀማመጥ እንቀይራለን። ንብረት፣ ጃኬቱ ሰፍቶሻል፤ ብትወድቂ በጭንቅላትሽ በኩል ሾልኮ ነው የሚወልቀው። ከሙናዬ ጋር ትሆኛለሽ። ሙናዬ፣ አደራ፣ ዓይንሽ ከእሷ ላይ እንዳይነሣ።»

ንብረት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ከክበቡ ሁሉ ትንሿ። እየሮጠች መጥታ የሙናዬን እጅ ያዘች። «እፎይ! እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስፈራ ነው የዋልሁት። ብወድቅ ታወጭኛለሽ አይደል?»

ወለላ በሌላው ጎኗ ጠጋ አለች። «እሺ በያቸው» አለች በሹክሹክታ። «ነገን ብቻ፣ በናትሽ። ምንም አይፈጠርም።»

ሙናዬ የንብረትን እጅ አየችው። ትንሽ ነው፤ ሞቅ ያለ ነው፤ አጥብቆ ይዟታል። ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«መምህር፣ እኔ ዋና አልችልም።»

«ምን አልሽ?»

«አልችልም። ጠዋትም አልችልም ነበር፤ ዝም አልሁ። ነገ ዳቦ በሚያመጣው ባጃጅ እመለሳለሁ።»

የመምህር አዳሙ ፊት ተለዋወጠ። «ያለ ጃኬት ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ የዋልሽው? ብትሞቺስ? ለእናትሽ ምን ልላት ነበር?» ልጆቹን ዞረው አዩ። «እኔስ ‹ሙናዬ ናት› ተብያለሁ። ማነው ያለኝ?»

መልሱ ሙናዬ ምላስ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቢላ ስትስለው የዋለችው ነገር ሁሉ አለ፤ ጃኬቱ፣ ዝምታው፣ ያልተዘረጋው እጅ። ወለላን አየቻት። ወለላ መሬት መሬት ታያለች።

ሙናዬ አልተናገረችም። አዝናላት አይደለም፤ ንዴቷ እንዳለ ነው፤ ምናልባት ለወርም አይበርድም። የራሷን ድርሻ ተናግራለች፤ የወለላን ግን አትናገርላትም።

አያ ቢሻው የራሰውን ታንኳ እንዲደርቅ ሊያቆሙት ብቻቸውን እየታገሉ ነበር። ሄዳ በሌላው ጫፍ ገባች። ውሃው ከደንገሉ እየተንዠቀዠቀ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ጠየቅኋችሁ እኮ!» አሉ መምህር አዳሙ ከኋላዋ። «ማነው?»

ሙናዬ ሳትዞር ታንኳውን ወደ ላይ ገፋች።