በቀትር የተቀመሰው ውሃ

ወዳጄ፣ እኔ ስለ ጋኔንና ስለ ቀትር ሲወራ ተነስቼ ወደ ሥራዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ብቸና ውስጥ ማንንም ብትጠይቅ ይነግርሃል፣ ብስክሌት እየጠገንኩ ስላደግኩ የሚንቋቋ ነገር ስሰማ የላላ ብሎን ነው የምፈልገው። ሰውን ግን አላምንም፣ ይህን አልደብቅህም። ጋኔን ነው የተባለ ነገር ሁሉ ሲገለጥ አንድ ተንኮለኛ ሰው አያጣውም ብዬ ነበር የምኖረው።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ከሞጣ ቁልቁል በሚወረድበት የዓባይ ቆላ ነው። አንድ የስፖርት አስተማሪ ትራያትሎን የሚባል ውድድር አመጣብን፣ መጀመሪያ ትዋኛለህ፣ ቀጥለህ ብስክሌት ትነዳለህ፣ ከዚያ ትሮጣለህ፣ ዕረፍት የሚባል የለም። ለዚያውም መካከለኛው ርቀት ነው አለን፣ ረጅሙን የሚጨርሰው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ እንጃ! ብቸናና ሞጣ ተወዳዳሪ አቀረቡ፣ አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ባለ ቡድን ገብቶ በደመወዝ ይሠለጥናል ተባለ፣ አንድ ሰው ብቻ። ያን ቦታ የፈለግኩትን ያህል በሕይወቴ የፈለግኩት ነገር የለም።

የምፈራው ደምሌን ነበር። የሞጣ ልጅ ነው፣ በብስክሌት ውድድር ተዋውቀን ጓደኛሞች ሆነናል፣ ግን ሞጣዎች እሱን ለማሳለፍ የማይሠሩት ነገር የለም ብዬ ከመነሻው ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዋናው ላይ ከግራዬ የሚዋኝ ሰው ነበር። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል፣ ይሄ መቼም ሊያደክመኝ የተላከ ትርፍ ሰው ነው አልኩ። ዳር ደርሼ ብዞር በግራዬ ያለው ባዶ ውሃ ነው፣ ሌሎቹ በቀኝ በኩል ገና ይንቦጫረቃሉ።

“ከጎኔ የነበረው ማነው?” አልኩት ዳኛውን።

“ደምሌ ቀድሞህ ወጥቷል፣ ከጎንህ ማንም አልነበረም። ይልቅ ቶሎ በል!” አለኝ።

ብስክሌቱ ላይ ባሰ። የኔዋ ብስክሌት ፔዳሏ በዞረ ቁጥር “ቋ” የምትል አመል አለባት፣ ስንቴ ፈትቼ ገጥሜ ያልተወችው። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሌን አቁሜ ስንሸራተት ያችው “ቋ” ከኋላዬ መጣች፣ ቋ፣ ቋ፣ እመነኝ፣ የራሴን ብስክሌት ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ እለየዋለሁ። ዞር አልኩ። ሰው የለም፣ መንገዱ ላይ አቧራ እንኳ አልተነሳም።

ሩጫው ላይ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆመች። የቆላ ሙቀት ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከድንጋዩም ይነሳል፣ ላቤ ሳይወርድ ይደርቃል። ደምሌ ላይ ደርሼበት ጎን ለጎን ሆነን ሳለ፣ ሲጮኹ የነበሩት ፌንጣዎች አንድ ላይ ጸጥ አሉ። አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ፣ ከሥሩ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ሴት በቅል ውሃ ይዛ ቆማለች። በዚያ አካባቢ ቤት የለም፣ የአዘጋጆቹ ውሃ ደግሞ በጀሪካን ነው፣ ያውም ከመታጠፊያው ማዶ።

“ጠማህ?” አለችኝ።

መቼም ባገራችን የሚጠጣ ነገር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ክፉ ነገር የለበትም ለማለት፣ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። “ቅመሺልኝ” አልኳት እየሮጥኩ። አልቀመሰችም፣ ቅሉን ብቻ ዘረጋችልኝ። የሞጣ ሰዎች ሥራ ነው ብዬ አለፍኳት። ልብ በልልኝ፣ አልቆምኩም፣ ቅሉንም አልነካሁም። ጥቂት ሄጄ ብዞር ደምሌ ከሾላው ሥር ቆሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጠጣል። “ተው ደምሌ!” ልል አፌን ከፈትኩ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፅ አልወጣም።

ደርሶ አለፈኝ፣ ገና አሁን የተነሳ ሰው ይመስል ነበር። መጨረሻው መስመር ከፊታችን ሲታይ ግን እግሮቹ ተጠላለፉና በፊቱ ተደፋ። እኔ አንደኛ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተክሎለት አገኘሁት። ነርሷ “ሙቀት ነው የመታው፣ ሰውነቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም” አለችኝ። እሱ ዓይኑን ገለጠና፣ “ውሃው ውስጥ ምን ነበረ?” አለኝ።

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴትዮዋን ጠይቃት እንጂ!”

“የቷን ሴትዮ? ሴት አላየሁም። ከሾላው ሥር ቆመህ ‘ጠማህ?’ ያልከኝ አንተ ነህ። ቀምሰህ ነው የሰጠኸኝ፣ ባትቀምስማ ኖሮ ከብቸና ሰው እጅ እጠጣ ነበር?”

እንዴት እንደተናደድኩ! በማግስቱ ዳኛውንና አንድ የቆላውን ሽማግሌ ይዤ ወደ ሾላው ወረድኩ።

“አባባ፣ እዚህ ውሃ ይዛ የምትቆም ሴት ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“ኧረ ልጄ፣ በቀትር እንኳን ሴት ፍየልም እዚህ አይቆምም” አሉኝ።

ከሥሩ አቧራው ላይ የሁለት ሰው ዱካ ፊት ለፊት ተተክሏል። አንዱ የደምሌ ጫማ ነው። የሌላው ተረከዝ የብስክሌት ጎማ ጥርስ አለበት፣ ጫማውን በጎማ ቁራጭ ጠግኖ የሮጠ ደግሞ ከኔ በቀር አልነበረም። ዳኛው አንዴ ዱካውን፣ አንዴ እኔን አየና “ያለፍከው በዚህ ይሆናላ” አለኝ። ያለፍኩት በመንገዱ መሃል ነው ወዳጄ፣ በመንገዱ መሃል!

ባሕር ዳር ገባሁ፣ ሠለጠንኩ፣ ተመለስኩም። ሞጣ ውስጥ መርዞት ነው የሚሉኝ አሉ፣ ደምሌ ግን እንዲያ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሮጦ አያውቅም፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ለዕቃ ስሄድ ጎራ እላለሁ፣ ቂም የለውም። ባለፈው ግን ሒሳቤን ከፍዬ ልወጣ ስል ከእግር እስከ ራሴ ቃኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ወንድም ዓለም፣ አንተም እኮ ስትቀምስልኝ ጠጥተሃል። እኔን ያኔውኑ ጣለኝ፣ ያንተ ለምን ቆየ?” አለኝ።

ዕቃዬን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ብቸና ድረስ መኪና ውስጥ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት ሳዳምጥ ሄድኩ።