ያልተወሰደው ልጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ሹራቡም ይኸው፣ አሁን ስጽፍ ለብሼዋለሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በሰፈራችን አሮጌ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ... ሰው ሁሉ እየሳቀ።

ሕንፃው በማግስቱ ሊፈርስ ነበር።

መጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ያለሷ ነገሩ አይገባችሁም።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ክፍል አስተምራለች። ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን ድረዋል። ጡረታ ከወጣች በኋላ ግን መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ መነጽሯን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም፣ ኋላ ደግሞ ምሳ መብላቷን። አንዳንዴ እኔንም "እህት ዓለም" ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አልረሳችም።

ገና ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። ጫማዋን ታጠልቃለች። ቦርሳዋን ታነሳለች።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"ትምህርት ቤት።"

"ተዘግቷል እኮ። ከተዘጋ ቆየ።"

"አንድ ልጅ አልተወሰደም።"

በነጋ በጠባ ይቺኑ። አንድ ልጅ አልተወሰደም።

በሩን ስቆልፍባት በመስኮት ለመውጣት ትሞክራለች። አንድ ቀን አምልጣኝ ወጥታ፣ አንድ ሾፌር ክንዷን ይዞ መለሳት። መኪናውን መንገድ መሀል አቁሞ ነው የመጣው።

"እናትሽን ጠብቂ፣ እህቴ" አለኝ። "ለጥቂት ነው። በፈጣሪ... ለጥቂት ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍራሼን በሩ ሥር አንጥፌ እተኛለሁ። መተኛት ከተባለ። ወለሉ ሲንቋቋ እነሳለሁ፣ አልጋዋ ሲጮህ እነሳለሁ። ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሰው ሲያወራኝ አፉን አያለሁ እንጂ ቃሉን አልሰማም።

ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ትምህርት ቤቱን ሊሰናበት መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ትምጣና በዓይኗ ትየው አልኩ። ባዶ መሆኑን ትየውና እርሟን ታውጣ።

እኔም ልተኛ።

...

ትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው።

ሲለቀቅ ልጆች በሩጫ አይወጡም። በሰልፍ ነው። ሁሉም ከፊቱ ያለውን ልጅ ልብስ ጫፍ ይይዛል። "ባቡር" ነበር የምንለው። መምህሯ በሩ ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ራስ እየነካች ታሳልፋለች። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ልጅ ዞሮ ክፍሉን ያይና "ማንም የለም!" ብሎ ይጮሃል። ያኔ በሩ ይዘጋል።

ከዚያም እስከ ውጭው በር ድረስ ነው። የያዙትን ልብስ መልቀቅ የለም። የሚለቀቀው ቤተሰብ መጥቶ ሲረከብ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ የዘገየበትን ልጅ እናቴ ቆማ ትጠብቅለታለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሰው ልጅ እስክታስረክብ ድረስ የራሷ ልጅ ይርባት ነበር። ልጅነቴ በአብዛኛው ያ በር ላይ ነው ያለፈው።

ያን ቀን ታዲያ ሰዉ አንደኛ ክፍልን ሞልቶታል። ትልልቁ ሰው እነዚያ ትንንሽ ዴስኮች ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፀጉር ቆራጩ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ መነሳት አቃተው።

"ተወው" አለችው ልብስ ሰፊዋ። "ድሮም ከዚህ ክፍል ሁለት ዓመት አልወጣህም። ዛሬ ለሦስተኛ ልትደግም ነው?"

"ቲቸር ስለሚወዱኝ ነው ያስቀሩኝ!"

"እንዴታ! አምስትን ገልብጠህ ስትጽፍ ነዋ ፍቅሩ የጀመራቸው!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እናቴም ሳቀች። ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ጋ ቆማለች፤ ወገቧ እንኳን የተቃና መሰለኝ።

እኔ ቦታ ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ክፍሉ ሳይከፈት ዓመታት አልፈዋል። ዴስኩ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ የተቀመጠው ሰው ልብስ ነጭ ሆኗል።

ከመስኮቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ዴስክ ግን... ጠርዙ ላይ አቧራ የለም።

የአንድ ትንሽ ልጅ መቀመጫ የምታህል ቦታ ናት። እንጨቷ ያብረቀርቃል። ዘወትር እንደሚቀመጡበት እንጨት።

አንዱ ጠርጎት ይሆናል አልኩና ተቀመጥኩ።

ወዲያው ተነሳሁ።

ይሞቅ ነበር።

ፀሐይ ነው፣ ከመስኮቱ የገባ ፀሐይ ነው አልኩ። ቀና ስል መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያኔ አልፈራሁም። ለመፍራትም ጉልበት ያስፈልጋል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ዘበኛው በሩ ላይ ነበር። ቁልፉ ወገቡ ላይ ስለሚንቃጨል ከልጅነታችን ጀምሮ "ጋሼ ቁልፌ" ነው የምንለው። ሰው ሁሉ ሲገባ እሱ አልገባም። እግሩን እንኳ ከደፉ አላሳለፈም።

"በሉ ቶሎ ጨርሱ" አለ። "ይበቃል። ውጡ።"

"ጋሼ፣ የመጨረሻ ቀን እኮ ነው!" አለው ፀጉር ቆራጩ።

"ለዚያ ነው ውጡ የምለው።"

የተሰቀለውን ብረት በመዶሻ መታው። የመልቀቂያ ደወል።

ባቡሩ ተሠራ። ኮት የያዘ፣ የቀሚስ ጫፍ የያዘ፣ ቀበቶ የያዘ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ማንም ሳይነግራት እጇን አነሳች። ራስ እየነካች ማሳለፍ ጀመረች።

የፀጉር ቆራጩ መላጣ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ምነው ልጄ? ማን ላጨህ?"

ሰዉ እንደገና ፈነዳ። አንዳንዱ ደግሞ እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል።

የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። እንደ ድሮው።

ከፊቴ የልብስ ሰፊዋን ነጠላ ይዣለሁ። ከኋላዬ ማንም የለም። እናቴ ራሴን ነካችኝ። አልፌ ወጣሁ።

እጇ ግን አልወረደም።

ማለቴ... ወደ ጎኗ አልወረደም። ወደ ወገቤ ቁመት ዝቅ አለ። ከኋላዬ፣ አየር ላይ ቆመ። መዳፏ ክብ ነገር እንደያዘ ጎበጥ ብሏል።

ዳበሰችው።

"ጎበዝ" አለች ቀስ ብላ። "ብዙ ጠበቅህ አይደል?"

ያን ጊዜ ሹራቤ ከኋላ ተጎተተ።

ምስማር ይዞኝ ነው አልኩ። አንገቴ ከብዶኛል፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው። ሰዉ ደግሞ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"ማንም የለም!" ብዬ ጮህኩ።

ሳልዞር።

ጭብጨባ ሆነ። ጋሼ ቁልፌ በሩን ዘጋ። ቁልፉን አዙሮ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ዞረሽ አይተሻል?" አለ በሹክሹክታ።

"አዎ ጋሼ።"

"በዓይንሽ?"

የእናቴን ክንድ ያዝኩ።

ወደ ሹራቤ ጫፍ አየ። ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠለጠለና ፊቱን አዞረ።

...

ቤት ስንደርስ እናቴ ጫማዋን ራሷ አወለቀች። ቦርሳዋን አልጋ ሥር ከተተችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"ተወሰደ" አለች።

"ማን እማዬ?"

"ልጁ ነዋ።"

"ማን ወሰደው?"

ትምህርት የማይገባውን ልጅ እንደምታይ አየችኝ።

"አንቺ ነሻ።"

በማግስቱ የነቃሁት ፀሐይ ግድግዳው ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ደንግጬ ተነሳሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። እናቴ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነበር።

ሹራቤን ላነሳ ስል ግን ከኋላ በኩል ጫፉ ተለጥጧል። በትንሽ ጭብጥ ተጨብጦ እንደዋለ ተጨማድዷል። ጭምድዱ ላይ ነጭ የጠመኔ ዱቄት አለ።

አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ነፋስ አልነበረም። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የእናቴ ቀሚስ... ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

ሹራቡ ብቻ ጫፉ ወደ ቤቱ በር ተወጥሮ ቆሟል።

ሌላ ልብስ ለብሼ ወጣሁ። ከደጃፌ ሳልርቅ ያም ከኋላ ተጎተተ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ማሽኖቹ ሥራቸውን ጀምረዋል፤ አንደኛ ክፍል የነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር ሆኗል። የውጭው በር የነበረበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

"ደርሰናል" አልኩ ወደ ኋላ ሳልዞር። "በሩ ይኸው። ልቀቀኝ።"

አልለቀቀኝም።

ጋሼ ቁልፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፍርስራሹን ያያል። አጠገቡ ቆምኩ።

"የማን ልጅ ነው ጋሼ?"

"እኔ ሳልቀጠርም ነበረ" አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ሌሎቹ መምህራን አይቆዩለትም ነበር። እናትሽ ብቻ ናት የምትቆይለት።"

"እስከ መቼ?"

"የሚረከበው እስኪመጣ።"

"ማን ነው የሚረከበው?"

"እኔስ ስንት ዘመን ይህንኑ አይደል የምጠብቅ?" አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናትሽ ትቀበልሻለች። አልተወሰደም በያት... በቃ።"

በቃ። አንድ ቃል ነው። እናቴ ትቀበለኛለች፣ እኔም ነጻ እወጣለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ጫማዋን ታጠልቃለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች። መኪና መሀል ትገባለች። የምትሄድበት ሕንፃ እንኳ የለም።

አልጋዋን አሰብኩ። ያን የተከፈተ አፏን።

"ትተኛ" አልኩት።

ጋሼ ቁልፌ ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ከሆነ ሰንብቷል። እናቴ ደህና ናት። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች፣ ወደ ውጭ ማየትም ትታለች። አንዳንዴ ብቻ ዳቦ ልገዛ ስወጣ "ቀስ በይ" ትለኛለች። "እርምጃው አጭር ነው።"

ቀስ እላለሁ። መንገድ ስሻገር ግራና ቀኝ ሁለቴ አያለሁ። ሰዎች "ምነው፣ አረጀሽ እንዴ?" ይሉኛል። ደክሞኝ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ዞሬ አላየሁም። አንድም ቀን።

ትናንት ከሱቅ ስመለስ ጋሼ ቁልፌ ጠባቧ መንገድ ላይ ከፊት ለፊቴ መጣ። ለኔ ብቻ ቢሆን ጎኑን ዘንበል ማድረግ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ባርኔጣውን አወለቀ። አንዴ ወደኔ አየ፣ አንዴ ደግሞ ከወገቤ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላዬ...

እስክናልፍ ድረስ ቆሞ ጠበቀን።