ሃያ ሦስት ቁጥር

«ሃያ ሦስት ቁጥር!» ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች። ማንም አልተነሣም። «እሺ፣ ሃያ ሦስት የለም፤ ሃያ አራት!»

ቅዳሜ ቅዳሜ በአባቷ መድኃኒት ቤት ተራ የምትጠራው እሷ ናት። ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። አባቷም «እሷ እያለች ማይክ ምን ያደርግልኛል?» እያለ ይኮራባታል።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ብቻ ትኩሳት ያዛለው ሕፃን ታቅፋ ቀርታለች። ግራ እንደ ገባት ተነሥታ መጣችና የተራ ወረቀቷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ሃያ ሦስት።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁ እኮ! የት ሄደው ነው?»

ሴትዮዋ ጆሮዋን በጣቷ ነክታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየቻት፦ «መስማት አልችልም። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

የልጅቷ ፊት ጋለ።

አባቷ የሐኪሙን ማዘዣ እየተቀበለ፣ «አልጠራሻትም እንዴ?» አላት።

«ጠርቻለሁ። ሦስቴ።»

«በቃ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም።»

እዚያው ላይ መተው ትችል ነበር። ሕፃኑ ግን በእናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ፣ በተገረበቡ ዓይኖቹ ያያታል።

አባቷ ሽሮፑን ሊያወርድ ወደ መደርደሪያው ዞረና፣ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ሚሊ!» ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ጀርባውን ታያለች።

«አባዬ፣ አይሰሙም እኮ!» ልጅቷ አወሳሰዱን በትልልቁ ጻፈችላት። ከሥሩም ጨመረች፦ «በጣም ይቅርታ። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ መለሰች፦ «ቁጥሩን ጻፉት። ስታናግሩኝ ፊታችሁን አሳዩኝ። ይኸው ነው።»

ሴትዮዋ ስትወጣ አባቷ ተነፈሰ። «ለአንድ ሰው ብለን ደግሞ ሰሌዳ እንስቀል?»

«አንድ መሆናቸውን በምን አወቅን? ‹የለም› እያልኩ ስንቱን አልፌያለሁ። ሰልችቷቸው የሄዱ ነበር የሚመስለኝ።»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

መልሱን አልጠበቀችም። ከመጋዘን ባዶ ካርቶን አምጥታ ክዳኑን ቀደደች፤ ወንበር ስባም ግድግዳው ላይ ልትለካው ወጣች።

«እዚያ ጋ አይደለም» አለ አባቷ ቆይቶ። «መብራቱ ሥር አድርጊው። ጥግ ለሚቀመጥም እንዲታይ።»

ወርዳ ወንበሩን ወደ መብራቱ ጎተተችው።