የሳሙናው ዘፈን መልስ

ዜማ ሰሪው ሞቶ የተገኘው ድምፅ መቅጃው ክፍል ውስጥ፣ ጊታሩ ላይ እንደተደፋ ነበር። ማጅራቱን የመታው የማይክሮፎን መቆሚያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ጫማው፣ እንደ ልማዱ፣ ከበሩ ውጪ ወልቆ ተቀምጧል። ከጫማው ጎን ደግሞ አንድ የሴት ጃንጥላ ግድግዳ ተደግፏል። መርማሪዋ ስትደርስ አለቃዋ በዚያ ጃንጥላ የተነሣ ነገሩን በልቡ ቋጭቶት ነበር።

«የተፎካካሪው ድርጅት ገጣሚ ናት» አላት። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲጯጯሁ ሰው ሰምቷል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣሽ እሷን እንከሳለን።»

መርማሪዋ አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች።

የሁለቱን ድርጅቶች ፉክክር የማያውቅ በከተማው አልነበረም። ሟቹ የአንዱን ሳሙና ማስታወቂያ ይሠራል፣ ገጣሚዋ የሌላውን። እሱ በሬዲዮ «ሸሚዝሽን አነጣሁት፣ ልብሽን ማን ይጠበው?» ሲያስብል፣ በሳምንቱ የእሷ ሳሙና «ልቤስ ንጹሕ ነው፣ አንገትጌህን ፈትግ» ብሎ ይመልሳል። ሰው ታክሲ ውስጥ እየተሳሳቀ ይቀባበለዋል። የመጨረሻው የእሷ ነበር፦ «አንድ ገመድ ላይ ብንሰጣ፣ ማን ይከፋዋል?» ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ የእሱን መልስ ሲጠብቅ ሰነበተ። መርማሪዋ ራሷ ልብስ ስታጥብ ይህንኑ ታንጎራጉር ነበር።

ገጣሚዋ ኮሪደሩ ላይ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ጠበኞች ነበራችሁ?» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«ፍቅረኞች ነበርን። ማስታወቂያ ነው ብላችሁ የሳቃችሁበት ሁሉ የእኛ ጨዋታ ነበር።»

«ገመዱስ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እንጋባ ማለቴ ነው። ፊት ለፊት ለመጠየቅ አፍሬ በሳሙና ጠየቅኩት። ትናንት መልሱን ንገረኝ ብዬ መጣሁ። እየሳቀ ‹እንደ ሕዝቡ በሬዲዮ ስሚው› አለኝ። ጮህኩበት። ጃንጥላዬን እንኳ ሳልይዝ ጥዬው ወጣሁ።» ቀና አለች። «እሺ ይበል እንቢ ይበል አላውቅም። ቀድቶት ከሆነ ያሰሙኛል?»

መቅጃው ውስጥ ግን ዘፈን አልነበረም። አንድ ሰው ደምስሶታል።

መርማሪዋ የድርጅቱን ሰዎች በየተራ አነጋገረች። ማስታወቂያዎቹን የሚዘፍነው ሰው በሙቀትም በብርድም አንገቱን ስለሚጠቀልል «ባለሻርፑ» ይሉታል። የጉሮሮ ከረሜላ እያኘከ፣ ሟቹ ይህን ዘፈን «ራሴ ነኝ የምዘፍነው» ስላለው ቅር እንደተሰኘ ሳይደብቅ ነገራት። የትናንት ከሰዓት በኋላውን ግን ሆቴል ውስጥ ከባንዱ ጋር ሲለማመድ ውሏል፤ ባንዱም መሰከረለት። ድምፅ ቀጂው የቁልፍ ዘለላውን እያንቃጨለ፣ ሟቹ «ዛሬ ብቻዬን እቀዳለሁ» ብሎ ወደ ቤት እንደሸኘው አስረዳ። እሱንም ጎረቤቶቹ ጣሪያ ሲጠግን አይተውታል።

«ሲቀዳ አመሉ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ዝምታ የሚቀዳ ሰው ምን አመል አለው?» አለ ቀጂው፣ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ከዘፈኑ በፊት የክፍሉን ዝምታ ለብቻው ይቀዳል። ቃል ቆርጠን ስናወጣ ክፍተቱን በእሱ እንሞላዋለን። ዘፈኑ ሲቀዳ የሚኖር ሰው ሁሉ ያኔም ጫማውን አውልቆ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ዝምታው አይገጥምም ይላል።»

መርማሪዋ ይህን በልቧ ያዘች።

መጨረሻ ላይ የድርጅቱ ባለቤት ገባ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል፤ የሟቹ አጎት ነው። ድርጅቱን የጀመረው በዚያችው ክፍል በገዛ ድምፁ ነበር። ወንድሙ ሲሞት ሕፃኑን ወስዶ እዚያው በማይክሮፎን መሐል አሳደገው። አሁን እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ በልጅነቱ ኳስ የሰበረው አፍንጫው ዝም ባለ ቁጥር በቀጭኑ ያፏጫል። ትናንት ቀኑን ሙሉ አሞት ቤቱ ተኝቶ እንደዋለና ዛሬ ጠዋት መጥቶ ሬሳውን እንዳገኘ ተናገረ።

«ፍቅራቸውን ያውቁ ነበር?»

«ዛሬ ነው የሰማሁት። ከዘበኛው እስከ ሻይ አፍይዋ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፣ አለች መርማሪዋ በሆዷ። አዘነችለት። ወደ መቅጃው ተመልሳ ብቻዋን ካዳመጠች በኋላ ግን ሐዘኗ ሌላ መልክ ያዘ።

አመሻሽ ላይ፣ ሬሳው ከተነሣ በኋላ፣ አራቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ካቴናውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ከገጣሚዋ አልተነቀለም።

«ዘፈኑን የደመሰሰው የገደለው ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «ገጣሚዋ በመቅጃው መጠቀም አትችልም፤ ብትችልም ያን መልስ አታጠፋውም። ስትጠብቀው የኖረች እሷ ናት። ሊያጠፋው የሚችለው መሣሪያውን የሚያውቅ፣ መልሱም ያስከፋው ሰው ነው።»

«እኔን ነው?» አለ ባለሻርፑ።

«ራሴ እዘፍናለሁ ማለቱ አስከፍቶህ ነበር። ግን ሆቴል ነበርክ። ቀጂውም ጣሪያ ላይ ነበር። የገደለው ሰው ዘፈኑን ሲደመስስ ዝምታውን ትቶታል። ዕድሜውን ሁሉ ድምፅ የሸጠ ሰው ዝምታ ባዶ ይመስለዋል። እስቲ ማንም እንዳይናገር።»

የትናንቱን ዝምታ ከፈተችው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ሟቹ ወንበሩ ላይ ሲመቻች የጊታሩ ክር ተነካ። ከዚያ ራቅ ብሎ አንድ ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ።

መርማሪዋ መቅጃውን አጠፋችው። ፉጨቱ ግን አልቆመም።

ሁሉም ዞረው ጋሼን አዩት። እሱ እስኪዞሩ ድረስ አልገባውም ነበር፤ ገብቶት በእጁ አፍንጫውን ሲሸፍን ጊዜው አልፏል።

«ቤት ተኝቼ ዋልኩ ብለውኝ ነበር» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ልጁ ግን ጫማዎን አስወልቆ እዚሁ አስቀምጦዎታል። መልሱን ቀድመው እንዲሰሙለት ፈልጎ።»

አለቃዋ ካቴናውን ዝቅ አደረገ።

«ሊያስደንቀኝ ነው የጠራኝ» አለ ጋሼ። «ዘፍኖ ሲጨርስ፣ ለማን ነው አልኩት። ነገረኝ። ከእሷ ጋር የራሳችንን ቤት እንከፍታለን አለኝ። እዚህች ክፍል ውስጥ ነው አፉን የፈታው። ሊሄድ ነው! ብረቱን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ገጣሚዋ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። ባለሻርፑ ትመታዋለች ብሎ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ መርማሪዋ ተው አለችው።

«ምን ብሎ መለሰልኝ?» አለችው ልጅቷ። «ከእርስዎ በቀር የሰማው የለም።»

ሽማግሌው በተሰባበረ ድምፅ፣ ከዜማው እየሳተ አለላት፦

«ገመዱን ወጥሬ በራፍ ቆሜያለሁ፤
ልብስሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤቱን ከፍቻለሁ።»

ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃሉን ያዘችው። ዜማው ግን እንደተጣመመ ገባት፤ ትክክለኛውንም የሚያውቀው ይህ ሰው ብቻ ነው።

«ይድገሙልኝ» አለችው።

አለቃዋ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋ መርማሪዋ በእጇ አቆመችው። ጋሼ እንባውን ጠርጎ፣ ሳል አድርጎ፣ ዜማውን ፈልጎ እንደገና ጀመረላት።