የመምህር ደባልቄ ኮምፒውተር ሳትጠፋ የዋለችበት ቀን

መምህር ደባልቄ የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ የአሶሳ ገበያ ደርቶ፣ የቢሯቸውም በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊያቸው ቃናኒ ከፖስታ ቤት ስትመለስ ከጠረጴዛው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው አገኘቻቸው። የኮምፒውተሩ ሳጥን ክዳኑ ተነሥቶ አጠገባቸው ተጋድሟል። በቀኝ እጃቸው አንዲት ራም ጨብጠዋል፤ ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን የሚያስታውስባት፣ ማበጠሪያ የምታህል ቀጭን ነገር።

«ያ ዋቃዮ! ኮረንቲ ገደላቸው!» ብላ ጮኸች። ከተማው ለመፍረድ ከዚህ በላይ አላስፈለገውም።

ያቺን ኮምፒውተር የማያውቃት አልነበረማ! መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሽማግሌዎችን ትዝታ በድምፅ ይቀዱባት ነበር። ዘገምተኛ ስትሆንባቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ሙርሳል፣ የጥገና ሱቅ ያለው የበርታ ልጅ፣ ከአሮጌ ማሽን የነቀላትን ሁለተኛ ራም ጨመረላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰይጣን ገባባት። ሥራ መሃል ስክሪኗ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፣ ትጠፋለች፣ መልሳ ራሷ ትነሣለች፤ ሴቭ ያልተደረገ ነገር ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። «ዛሬስ ስንቴ ጠፋች?» የሰፈሩ ቀልድ ሆኖ ነበር። የዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ሙርሳልን ከሱቁ ጎትተው ሲያወጡት ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ እሱም በሕይወት አይተርፍም ነበር።

ጉዳዩ ለምክትል ኢንስፔክተር ዓፊያ ተመራ። ዓፊያ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይሆን እጁን የምታይ፣ ቁጥብ ሴት ናት። አለቃዋ «በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ወረቀቱን ጨርሺው» አሏት።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች። ወረቀቱን ግን አልጀመረችውም።

ሙርሳልን ማረፊያ ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ዓይኑ ደርቋል።

«እኔ ነው የገደለው» አላት ገና ስትገባ።

«ራም ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም። የባትሪ ድንጋይ ይበልጠዋል። ግን ሁለቱ ራም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ፍጥነቱ ይለያያል። እኔ ያውቃል! መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ተመሳሳዩ አሶሳ ውስጥ የለም። እኔ ባያስገባው ማሽኑ አይታመምም። ማሽኑ ባይታመም ኡስታዝ ደባልቄ ሳጥኑን አይከፍትም። ዋላሂ፣ እኔ ነው።»

ዓፊያ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ጥያቄዋንም ቀጠለች።

«እንዲህ ያለ በሽታ እንዴት ነው የሚመረመረው?»

«አንዱን ራም ብቻ ትተህ ታስነሣለህ። ሳይጠፋ ከዋለ እሱ ደህና ነው። ቀጥሎ ሌላውን ብቻ። ለኡስታዝም አሳይቼዋለሁ።»

«ሁለቱንም ነቅሎ የሚመረምር አለ?»

«ምን ሊያይ? ራም የሌለው ማሽን አይነሣም፤ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው የሚለው።»

ዓፊያ ወደ መምህሩ ቢሮ ተመለሰች። የኮምፒውተሩ ሁለት የራም ቦታዎች ሁለቱም ባዶ ናቸው። ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሏል። የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ «ለሙርሳል» የሚልና ሰዓት የተጻፈበት የታሸገ ፖስታ አገኘች፤ በጣቷ ስትዳብሰው ማበጠሪያ የምታህል ነገር አለበት። ከዚያ ወደ ደጃፉ ወጥታ በሩን የሚይዘውን ድንጋይ ቁልቁል አየች። በዚያ በጋ የአሶሳ ቀይ አቧራ ያልተኛበት ነገር የለም፤ ድንጋዩ ግን ታጥቦ ንጹሕ ነው። ሐኪሙም በዚያው ሌሊት ደወለላት። «እጃቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። የተመቱት ማጅራታቸውን ነው» አላት። በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ከምን ጋር ይጋጫል?

በማግስቱ ሦስት ሰዎች አነጋገረች። ቃናኒ እንባዋን እየዋጠች «ጠዋት ደስ ብሏቸው ነበር። ከምሳ በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ቀድተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ። ስምንት ተኩል ላይ "እንግዳ አለብኝ" ብለው ፖስታ ቤት ላኩኝ፤ ወረፋው አቆየኝ» አለች።

የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ የወርቅውሃ ጥቁር የለበሱት ለባላቸው ብቻ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ልጃቸውን ስርጉትን በባምባሲ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶባቸው አምልጧል።

«ማን ነበር ቢሯቸው የሚመጣው፣ እትዬ?»

«ከካሣዬ ሌላ ማን አለን ብለሽ? ከወሎ በሰፈራ አንድ ላይ ነው የመጣነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አይቀርም። ልጄ የሞተች ጊዜ እሱ ነው ያነሣን። "መኪና ማየት አስጠላኝ" ብሎ የራሱን እንኳ በዚያው ሰሞን ሸጠው።»

ዓፊያ ይህን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

አቶ ካሣዬ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የለም፤ በወጣትነታቸው መጋዝ የቆረጠው ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣሁ» አሉ። «ስንጫወት ያቺ የተረገመች ማሽን ዓይኔ እያየ ሁለቴ ሰማያዊ ሆነች። ደባልቄ ተናደደ። "ዛሬስ ሆዷን ቀድጄ አያታለሁ!" ብሎ በካቻቢቴ ከፈታት። አዲሷን ራም ነቅሎ በእጁ እንደያዘ ትቼው ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!»

«ሁለቴ ነው ያሉኝ?»

«ሁለቴ። ምነው?»

«ቃልዎ ላይ እንዳላሳስት ነው።» አጻፈችና አስፈረመቻቸው።

ከሰዓት በኋላ አሻራ ከተነሣ በኋላ ሙርሳልን ከነካቴናው ቢሮው ድረስ አስመጣችው። በሟቹ እጅ የነበረችውን ራም ብቻዋን ሲያስገባት ኮምፒውተሯ ተነሣች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉም ንቅንቅ አላለችም። ዓፊያ ፖስታውን ከፍታ ያወጣችለትን ሲጨምርባት በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

«መልሰህ አውጣት» አለች ዓፊያ። «አሁን ደግሞ የተነሣችበትንና የጠፋችበትን ሰዓት አሳየኝ።»

ሙርሳል ፈልጎ አሳያት። ዓፊያ ብዙ ቆማ ተመለከተችው። ከዚያም የመጨረሻውን የድምፅ ፋይል ከፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ ወደ በሩ ዞራ ለጠባቂው ፖሊስ «ጠዋት ሁሉንም ሰብስቡልኝ» አለችው።

ጠዋት ሁሉም ተሰበሰቡ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ወንበር ላይ፣ አቶ ካሣዬ አጠገባቸው፣ ቃናኒ ግድግዳውን ተደግፋ፤ ሙርሳል በሁለት ፖሊስ መሃል። ኮምፒውተሯ ጠረጴዛው ላይ በርታለች።

«መምህሩን ኮረንቲ አልገደላቸውም» አለች ዓፊያ። «ከኋላ በበሩ ድንጋይ ነው የተመቱት። ድንጋዩ ታጥቧል። ከዚያ ሶኬቱ ተነቀለ፣ ሳጥኑ ተከፈተ፣ አንዲት ራም በሟቹ እጅ ተጨበጠች። ነገር ግን የተጨበጠችው የማሽኗ የራሷ፣ የቀድሞዋ ራም ናት። አዲሷን መምህሩ ራሳቸው ጠዋት ነቅለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋታል፤ ፖስታው ላይ ሰዓቱን ጽፈውበታል፣ አምስት ከሩብ። አቶ ካሣዬ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሷን ሲነቅሉ አይቻለሁ ብለዋል።»

«ኧረ እኔ ራም ከራም የምለይ ሰው ነኝ እንዴ?» አሉ አቶ ካሣዬ።

«ይሁን። ሰማያዊውንስ? ማሽኗ የተነሣችበትንና የጠፋችበትን ትመዘግባለች። ያን ቀን አምስት ከሃያ ላይ ተነሣች። እስከ ዘጠኝ ከአርባ አንዴም አልጠፋችም። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ሶኬቱ ተነቀለ። እርስዎ ሁለቴ ስትጠፋ አየሁ ያሉት የለመዱትን ነው። በየቀኑ ትጠፋ ነበርና ያን ቀንም ትጠፋለች ብለው ገመቱ። መምህሩ እንዳዳኗት አልነገሩዎትም።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ቀስ ብለው ወደ ጎናቸው ዞሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ካሣዬ እኮ ወንድሜ ነው። ምን አድርጎት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለች ዓፊያና ቁልፉን ተጫነች።

የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ወጣ። ያን ቀን የተቀዳው ከሰል ሻጩ ቡሴ ነው።

«እኔ ከሰል ይዞ መንገድ ዳር ነበር። መኪናው ነጭ ነው። ያንተን ልጅ መታ። ሰውዬው ወረደ፣ አየ። ልጁ "ጋሼ" አለ። ሰውዬው ተመልሶ ገባ፣ ሄደ። በር ሲዘጋ እጁን አየሁ። ሁለት ጣት የለውም። እኔ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ።»

«መምህሩ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ እንደሚሉት፣ ይህን ቃል ከዚያ በፊት ሁለቴ ሊቀዱ ጀምረው፣ ሁለቴም ማሽኗ መሃል ላይ ጠፍታባቸው ነበር» አለች ዓፊያ። «በሦስተኛው ማሽኗ ጸናች። ሴቭ አደረጉትና ለእርስዎ፣ አቶ ካሣዬ፣ አሰሙዎት፤ ለፖሊስ ከማምጣታቸው በፊት ከራስዎ አፍ መስማት ፈልገው ይሆናል። እርስዎ ሶኬቱን የነቀሉት ቀረጻው እንደ ወትሮው ይጠፋል ብለው ነው።»

አቶ ካሣዬ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የሁሉም ዓይን ተከተለው። «በሕይወት ነበረች» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው እንኳ የሚሰማ አይመስልም። «ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።»

«ሬሳዋን የተሸከምከው አንተ ነህ!» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ። አልጮኹም። «ሦስት ዓመት ሙሉ አጉርሼሃለሁ።» ቃናኒ ደግፋ አስወጣቻቸው።

ካሣዬ ከተወሰዱ በኋላ ዓፊያ የሙርሳልን ካቴና ራሷ ፈታችና ፖስታውን ሰጠችው። ከውስጡ የመምህሩ እጅ ጽሑፍ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ወጣች።

«ሙርሳል ልጄ፤ እንዳስተማርከኝ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ለየብቻ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አብረው ግን አይሠሩም። አንተ "ተመሳሳዩ እስኪመጣ እንቆይ" ብለኸኝ ነበር። "ግድ የለም፣ አስገባት" ያልኩህ እኔ ነኝ። ሲመቸህ መጥተህ ውሰዳት።»

ሙርሳል ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እንቆይ ብዬው ነበር» አለ። «ረስቼው ነበር።»

ከታሰረ ጀምሮ አላለቀሰም። አሁን ወረቀቷን በደረቱ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ዓፊያ ፖሊሶቹን በዓይኗ አስወጣቻቸው፤ እሷም እስኪጨርስ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆመች።